የሰደበው ሳቁ ነው

አንዲት መስመር ናት። "ዶክተር፣ መርፌውን ከማንሳትህ በፊት እረኛውን ብትጠይቀው ይነግርህ ነበር።" ከተጻፈች ቆይታለች። የተጣሉትም ወደየሥራቸው ተመልሰዋል። እኔ ግን ባጃጅ ስጠብቅ፣ ቡና ሲፈላ፣ ስብሰባ ላይ ሰው ሲያወራ ትመጣብኛለች። ስድብ ናት? ምክር ናት? "ሁለቱም ናት" ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። አልተዋጠልኝም።

ነገሩ የተፈጠረው የሰሜን ሸዋ የእንስሳት ባለሙያዎች የምንወያይበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። ሐኪሞች አሉ፣ የእንስሳት ጤና ረዳቶች አሉ፣ እንደ እኔ እርባታ ላይ የምንሠራ አለን፣ ከምርምር የመጡም አሉ። ደብረ ብርሃን ያለነው ቀኑን ሙሉ እናወራለን። ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ ወዲያ ያሉት ኔትወርክ ሲያገኙ ብቅ ይላሉ። ይቺ ልዩነት ስትታይ ትንሽ ናት። ያን ቀን ግን ጣጣ አመጣች።

የሚዞረው ጠቦት

አንድ ወጣት ሐኪም ወደ መንዝ ከተመደበ ብዙም አልቆየም። አጭር ቪዲዮ ለጠፈ። ዓመት ገደማ የሆነው ጠቦት ነው። አንገቱን ወደ ግራ አዘንብሎ ግቢው መሐል ይዞራል። ቆም ይላል፣ ደግሞ ይዞራል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "ሊስቴሪዮሲስ ጠርጥሬ ኦክሲ ወጋሁት። ለውጥ የለም። እስቲ ሐሳብ ስጡኝ።" ሊስቴሪዮሲስ በሽታ ነው፤ ኦክሲ ደግሞ የአንቲባዮቲክ መርፌ።

ይሄ ድፍረት ይጠይቃል። እኛ ቤት ያልዳነ እንስሳ ለጥፎ "ምን ላድርግ?" የሚል ብዙ ሰው የለም። የሚለጠፈው የዳነው በሬ ነው። ምጥ የጠናባት ላም፣ እስከ ትከሻ የደረሰ ጓንት፣ ከዚያ ቆሞ የሚጠባ ጥጃ። "ጎበዝ!" ይባላል፣ አውራ ጣት ይዘንባል። ልጁ ግን ያልተሳካለትን ይዞ ነው የመጣው።

የመለሱለት መንዝን እንደ መዳፋቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ዲፕሎማ ያላቸው የእንስሳት ጤና ረዳት ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። እዚያ ደጋ ላይ የሠራ ባለሙያ ሁሉ ወይ ከእሳቸው ተምሯል፣ ወይ እሳቸውን ጠይቋል። ያቺን መስመር ጻፉና ወጡ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ደቂቃም ሳይቆይ የሳቅ ምልክቶች ከሥሯ መደርደር ጀመሩ። እንባ እስኪፈሰው የሚስቀው ቢጫ ፊት። አንዱ "ጋሼ ጨረሱት!" አለ። ሌላው "ዲግሪው ለእረኛው ይሰጥ" ብሎ ጨመረ። ከዚያ ወጣቱ ሐኪም ብቅ አለ። "ስድብ ልሰማ አልመጣሁም። ከእረኛ የምማር ከሆነ ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ምን ስሠራ ነበር?"

ነገርን ነገር ያነሳዋል። "እረኛን መናቅ ምን ማለት ነው? ሁላችንም የእረኛ ልጆች ነን" አሉ። ከዚያ የቆየው የዲግሪና የዲፕሎማ ቁስል ተነካ። ረዳቶቹ "ዶክተሮች መስክ ሳይወጡ ያዙናል" አሉ። ዶክተሮቹ "ልምድ ትምህርትን አይተካም" አሉ። ስለ አበል ሁሉ ተነሳ። አንዱማ "አዋጅ 1185/2012 አለ፤ በሕግ ያስጠይቃል" ብሎ ጻፈ። አዋጁ የሚያወራው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ስለሚሰነዘር የጥላቻ ንግግርና ስለ ሐሰተኛ መረጃ ነው። ስለሚዞር ጠቦት ምንም አይልም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። አመሻሹ ላይ አድሚኖቹ ግሩፑን ዘጉት።

እረኛው ምን ያውቃል?

ሙያውን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልተርክ። ያለዚህ ያቺ መስመር አትገባም።

በግ የሚያዞር በሽታ አንድ አይደለም። ሊስቴሪዮሲስ አንዱ ነው። ባክቴሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ሳይሌጅ ከሚሉት ታምቆ ከሚቦካ መኖ ጋር ነው፤ በተለይ መኖው ከተበላሸ። ፈጣን ነው፤ በግን በቀናት ውስጥ ይጥላል። ቶሎ ከተደረሰበት አንቲባዮቲክ ሊያድነው ይችላል። ስለዚህ ልጁ ኦክሲ መውጋቱ የሞኝ ሥራ አልነበረም። ከመጽሐፉ አልወጣም።

ሌላው ገበሬው አዙሪት የሚለው ነው። አዙሪት ከውሻ ይጀምራል። ውሻው አንጀት ውስጥ ቴኒያ መልቲሴፕስ የሚባል የኮሶ ትል አለ። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ግጦሽ ላይ ይወድቃል። በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ከእንቁላሉ የወጣው እጭ በደም ተጉዞ አንጎል ይገባል። እዚያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ከረጢቱ አድጎ አንጎሉን ሲጫነው በጉ መዞር ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም ከረጢቱ ወዳለበት ጎን። ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል። ከዚያ በጉ ይታረዳል። ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል። ውሻው ይበላና ነገሩ እንደገና ይጀምራል። ኦክሲ እዚህ ምንም አይፈይድም። ያለው አማራጭ ቀዶ ሕክምና ነው፤ እሱም መስክ ላይ ብዙም አይሞከርም። ስለዚህ በጉ ይታረዳል፣ ጭንቅላቱ ይቃጠላል ወይም ይቀበራል፣ ውሻው የኮሶ መድኃኒት ይሰጠዋል። ፕራዚኳንቴል ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ለመለየት መጀመሪያ የሚጠየቀው "ከመቼ ጀምሮ ነው?" የሚለው ነው። ትናንት ከሆነ አንድ ነገር ነው። ከወር በፊት ከሆነ ሌላ ነው። ቀጥሎ "አምናስ እንዲህ የሆነ ነበር? ውሻችሁ ምን ይበላል?" ይባላል። ትምህርት ቤት "የበሽታውን ታሪክ መውሰድ" ብለው ያስተማሩን ይሄንኑ ነው። ይህን ታሪክ የሚያውቀው ማን ነው? የበጉ ባለቤት ገበያ ይውላል፣ እርሻ ይውላል፣ ልቅሶ ይውላል። ከበጉ ጋር የሚውለው እረኛው ነው። አንገቱ መቼ ማዘንበል እንደ ጀመረ የሚነግርህ የአሥር ዓመት ልጅ ነው።

ጋሼ የጻፉት ይሄንን ነው። አንድ ሙሉ የምርመራ ትምህርት በአንድ መስመር። አጭር ስለሆነች ግን ሌላም ነገር መሰለች።

"ምን ያስቃል?"

ግሩፑ በተዘጋ ማግሥት ለጋሼ ደወልኩ። አድሚን አይደለሁም፤ ማንም አልላከኝም። ብቻ ከነከነኝ።

"ምነው ልጄ? ደህና ነሽ? ደብረ ብርሃን ብርዱ እንዴት ይዟችኋል?" አሉኝ። ድምፃቸው ላይ ምንም የለም። ወደ ቆላው ለልቅሶ ወርደው ነበር። ኢንተርኔት አልነበራቸውም። ከተመለሱም በኋላ ግሩፑን በቅጡ አላዩትም።

ነገሩን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ ስለ ስድቡ አልጠየቁኝም።

"በጉስ?" አሉ። "በጉ ምን ሆነ?"

አላውቅም ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያን ቀን በጉን የጠየቀ የለም። ስለ ክብር፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ አበል፣ ስለ ሕግ ተጽፏል። በጉ ከመጀመሪያው ቪዲዮ ወዲያ አልተነሳም።

"ሰዎቹ የሳቁት ግን ለምንድን ነው?" አሉኝ ቀጥለው። "ምን ያስቃል? እረኛ ይጠየቃል አልኩ። እኔ ሠላሳ ዓመት ስጠይቅ ኖሬያለሁ።"

መልስ ፈለግሁ። እንደ ተረብ ቆጥረውት ነው ልላቸው ስል ተውኩት። እኔም ብሆን መጀመሪያ ሳየው ፈገግ ብያለሁ። መስመሯን ሳነብ ዓይኔ አስቀድሞ ያረፈው ከሥሯ ባሉት የሳቅ ምልክቶች ላይ ነበር። ቃሏን ያነበብኩት ከእነሱ በኋላ ነው።

የተሰረዘው መልስ

ከዚያ በኋላ ወጣቱ ሐኪም ለሥራ ደብረ ብርሃን መጣ። ቡና ልጋብዝህ አልኩት። ሊከራከረኝ ተዘጋጅቶ እንደመጣ ያስታውቅ ነበር። የምወቅሰው መስሎታል።

መጀመሪያ በጉን ጠየቅሁት። ተገረመ። ታርዷል። ጭንቅላቱን እሱ ራሱ ከፍቶ አይቶታል። አንጎሉ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አገኘ። እረኛውንም ጠይቆታል፤ ትንሽ ልጅ ነው። "ከጥምቀት በፊት ነው የጀመረው፤ አምናም አንዲት በግ እንዲህ ሆና ነበር" አለው። ጭንቅላቱን አስቃጠለው። ለውሻው መድኃኒት አዘዘ። ሥራውን በደንብ ሠርቷል ማለት ነው። ግሩፑ ላይ ግን አልጻፈውም። "ለማን ብዬ?" አለኝ። ስለዚህ ግሩፑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጠቡን ያውቃል። ውጤቱን የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገረኝ።

"እህቴ፣ ጋሼ እንደጻፉት ነው ያየሁት። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። አልተናደድኩም። 'እሺ ጋሼ፣ ምን ብዬ ልጠይቀው?' ብዬ መጻፍ ጀምሬ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ሳቁ መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ከዚያ 'ጨረሱት' የሚለው መጣ። የጻፍኩትን ሰረዝኩትና ሌላውን ጻፍኩ።"

እዚህ ላይ ቡናዬን አስቀመጥኩ። ስፈልገው የነበረው ይሄ ነው። ያቺ መስመር ከጋሼ ስልክ ስትወጣ ምክር ነበረች። ልጁ ስልክ ላይም ስትደርስ ምክር ነበረች። ሁለቱ መሐል አለመግባባት አልነበረም። ላኪው ያሰበውን ተቀባዩ ተረድቶታል። ስድብ የሆነችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያደረጓትም ሌሎች ናቸው። አንድ ቃል ሳይጽፉ፣ አውራ ጣታቸውን ብቻ አንቀሳቅሰው።

ልጁ አንድ ነገር ደበቀኝ ብዬ እጠረጥራለሁ። አንድ ገበሬ በፊቱ "አንተ ልጅ ነህ፣ ረዳቱን ጥራልኝ" ብሎት እንደነበር ከሌላ ሰው ሰምቻለሁ። እሱ አላነሳውም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። እንዲህ ተብሎ ለመጣ ሰው የመቶዎች ሳቅ ምን እንደሚመስል መገመት አይከብድም። ጋሼ "አንተ" ማለታቸው እንኳ ያኔ ነው ትዝ ያለው። አባቱ የሚሆን ሰው አንተ ሲለው ግን መቼ ከፍቶት ያውቃል?

ፈገግታውን የፈለሰፈው ሰው

በኋላ ስለዚህ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ስኮት ፋልማን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1982 አሜሪካ ውስጥ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ምሁራኑ በኮምፒውተር እየተጻጻፉ ይወያዩ ነበር። አንዱ ስለ ሊፍትና ስለ ሜርኩሪ ቀልድ ጻፈ። አንዳንዶች እውነተኛ የአደጋ ማስጠንቀቂያ መሰላቸው። ፋልማን ታዲያ ቀልድ ሲሆን ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና ቅንፍ እናድርግበት፤ ጎኑን ያዞረ ፈገግታ ይመስላል አለ። ዛሬ ስልካችን ላይ ላሉት ፊቶች እንደ አያት ይቆጠራል።

አስቡት እንግዲህ። ምልክቱ የመጣው ቀልድ ቀልድ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። የሚያደርገውም ጸሐፊው ራሱ ነበር፤ "እየቀለድኩ ነው" ለማለት። አሁን የሚለጥፈው አንባቢው ነው። እኛ ግሩፕ ውስጥ ደግሞ ያልተቀለደውን ቀልድ አደረገው።

እነ ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ጥናትም አለ። ሰዎች አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በስላቅ፣ አንዳንዱን ከልብ አድርገው እንዲልኩ ተደረገ። ላኪዎቹ ተቀባዩ 78 በመቶውን ለይቶ ያውቃል ብለው ገመቱ። በድምፅ ሲሆን 73 በመቶውን ለዩት። በኢሜይል ሲሆን 56 በመቶ ብቻ። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። ይሄ ስለ ላኪና ተቀባይ ነው። ሦስተኛው ወገን፣ ቆሞ የሚስቀው፣ ጥናቱ ውስጥ የለም። እኔን ያሳሰበኝ ደግሞ እሱ ነው።

ሁሉም አለመግባባት ነው ወይ?

አይደለም። "አልገባህም እንጂ ሙያዊ አስተያየት ነው" የሚሏት ቃል መደበቂያ ስትሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰውን አዋርደው ይጽፉና ሲጠየቁ "እውነት ነው ወይስ ሐሰት?" ይላሉ። ሊነክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሶፍትዌር የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ በዚህ የታወቀ ነበር። የሌላውን ሥራ ሲተች በቴክኒኩ ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ሰውየውን ግን ይዘልፈዋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 እሱ ራሱ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል አለ። ፕሮጀክቱም የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ። ልክ መሆን መሳደቢያ ፈቃድ አይደለም።

እኔ ለመለየት የምጠቀምበት አንድ መንገድ አለኝ። አስተያየቱን አንብቤ "ከዚህ በኋላ ምን ልሥራ?" እላለሁ። "እረኛውን ጠይቅ" የሚለው ሥራ ይሰጣል። ነገ ጠዋት ተነስቼ ልሠራው እችላለሁ። "ዲግሪው ለእረኛው ይሰጥ" የሚለው ምንም አይሰጥም። ከፈተናው ጋሼ ያልፋሉ። የሳቁት ይወድቃሉ። አድሚኖቹ ይቅርታ እንዲጠይቁ ያስገደዱት ግን ጋሼን ነው።

ይህም ሌላ ጣጣ አመጣ። ጋሼ "ካስቀየምኩህ ይቅርታ ልጄ" ብለው ጻፉ። ከልባቸው ነው፤ አውቃቸዋለሁ። ወዲያው "ካስቀየምኩህ ማለት ምን ማለት ነው? አላስቀየምኩም ማለታቸው ነው?" የሚል ተነሳ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እኛ አገር ሽማግሌ ገና ሲቀመጥ ይቅርታ አያስብልም። መጀመሪያ አንዱን ለብቻ ይሰማል፣ ሌላውንም ለብቻ ይሰማል። ይቅርታው የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ነገሩ ከተፈታ በኋላ ነው። ግሩፑ ውስጥ ግን ከመጨረሻው ተጀመረ። ሁለቱን የሰማቸው የለም።

አሁን ያለበት

ግሩፑ ሲከፈት አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ሰው የታመመ እንስሳ ይዞ ሲመጣ የሳቁም የጭብጨባውም ምልክት ይዘጋ። ቴሌግራም ላይ አድሚን የግሩፑን ምልክቶች መዝጋት ይችላል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ። ሐሳብ ያለው ይጻፍ፣ የሌለው ያንብብ። የሚለጥፈው ሰውም የእንስሳውን ዕድሜ፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚበላ፣ ግቢው ውስጥ ውሻ መኖር አለመኖሩን አብሮ ይጻፍ። ተስማሙና ምልክቶቹን ዘጉ። አሁን "ግሩፑ ደረቀ" የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ደርቋል። ያልዳነ እንስሳ የሚለጥፉ ሰዎች ግን በዝተዋል። እኔ ለዚህ ድርቀቱን እችለዋለሁ።

ጋሼና ወጣቱ ሐኪም አሁን በስልክ ይደዋወላሉ። ስለ ጉበት ትል፣ ስለ ሳንባ ምች ይጠይቃቸዋል። ተራርቀው አልቀሩም። በአንድ ነገር ግን ልጁና እኔ አልተስማማንም ነበር። "የሰደቡህ የሳቁት ናቸው" ስለው አንገቱን ነቀነቀ።

"ጋሼ ከልቅሶ ሲመለሱ ሳቁን አይተዋል አይደል? አንቺም ነግረሻቸዋል። 'እኔ እየቀለድኩ አይደለም፣ አትሳቁ' ብለው አንድ መስመር ቢጽፉ ምን ነበረበት? ይቅርታ አልፈልግም ነበር። እሷን ነበር የፈለግሁት።"

ይህን ለጋሼ ወሰድኩላቸው። "የሳቀውን ሁሉ ስቆጣ ልዋል እንዴ?" አሉኝ። ሳቁም።

እዚህ ላይ ከልጁ ጋር ነኝ። እነዚያ የሳቁት ሰዎች አድሚኑን አይሰሙም፣ እኔን አይሰሙም፣ ደንብ ቢለጠፍላቸውም አያነቡም። ጋሼን ግን ይሰሙ ነበር። አብዛኞቹን መርፌ አያያዝ ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው።